ስለ ያን ማየን ደሴት

ከኖርዌይ አገር ወደ ምዕራብ 1000 ኪሎሜትር ያህል ርቆ፥ በኖርዌይ ባሕርና በግሪንላንድ ባሕር መካከል ያን ማየን የሚባል ደሴት አለ። ርዝመቱ 55 ኪሎሜትር ያህል ነው። በሰሜን ወገኑ ቤረንበርግ የሚባል ተራራ ቆሟል፤ ከፍታው 2277 ሜትር ሲሆን ራሱ ከበረዶ ተለይቶ አያውቅም። ዳሩ ግን ከበረዶው በታች እሳት አለ፤ በ1970 እና በ1985 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ፈንድቶ የቀለጠ ድንጋይ አፍስሷል። በደሴቱ ዛፍ አይበቅልም፥ እህልም አይዘራም። በክረምታቸው፥ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ፀሐይ ሁለት ወር ያህል አትወጣም፤ በበጋቸው ደግሞ ሁለት ወር የሚያልፍ ጊዜ አትጠልቅም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ማን ይኖራል? ተወላጅ የለውም። ነገር ግን 18 ያህል ሰዎች ከኖርዌይ ተልከው በተራ ይቀመጡበታል። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሠርተው ለተተኪ ያስረክባሉ። ስለ ምን በዚያ ይቀመጣሉ ቢሉ፥ ከሥራቸው አንዱ የአየርን ጠባይ መጠበቅ ነው። ዛሬ በዚያ ባሕር ላይ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ነገ የኖርዌይን ዳርቻ ሊመታ ይችላልና፥ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይዞ ከመውጣቱ አስቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል።

ደሴቱ ስሙን ያገኘው በ1614 ወደዚያ ከደረሰው ከሆላንዱ መርከበኛ ከያን ማይ ነው። የሆላንድ ሰዎች በዚያ ዓሣ አንበሪ እያጠመዱ፥ ስቡን በዳርቻው እያቀለጡ ዘይቱን ለመብራት ይሸጡ ነበር። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይመለሱ ነበር። በ1633 ግን ሰባት ሰዎች እንዲከርሙ ተተዉ። ጨው የገባበት ሥጋና ደረቅ እንጀራ ነበራቸው፤ ትኩስ አትክልት ግን አልነበራቸውም። ከዚህም የተነሣ ድድን የሚያደማና ጉልበትን የሚያሟሽሽ ስኩርቪ የሚባል በሽታ ያዛቸው። መድኃኒቱ እንደ ሎሚ ያለ ፍሬ ነበር፤ እርሱ ከእነርሱ እጅግ ሩቅ ነበረ። እነዚህ ሰዎች የነፋሱን አቅጣጫና የሰማዩን ሁኔታ ዕለት ዕለት ይጽፉ ነበር። ጽሕፈቱ በ1634 በሚያዝያ ወር ያበቃል። መርከቦቹ በበጋ ሲመለሱ ሰባቱንም ሞተው አገኟቸው።

ኖርዌያውያን የአየር መመርመሪያና የቴሌግራፍ ቤት በደሴቱ ያቆሙት በ1921 ነው። በ1940 ጀርመን ኖርዌይን በያዘ ጊዜ የአየር ወሬ እንደ ጥይት የሚፈለግ ሆነ፤ አይሮፕላንና መርከብ ያለ እርሱ አይዘምትምና። ጠባቂዎቹም ቤታቸው ለጠላት እንዳይተርፍ አፍርሰውት ወጡ፤ በ1941 ተመልሰው ሥራውን እንደ ገና ጀመሩ። ዛሬ የሚኖሩበት ሰፈር ኦሎንኪን ይባላል፤ የተሰየመውም ጌናዲ ኦሎንኪን በሚባለው በቀድሞው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስም ነው።

የዛሬዎቹ ሠራተኞች ምግብ አይጎድላቸውም። ወጥ ቤትም፥ መካኒክም፥ አስታማሚም ከመካከላቸው አለ። ነገር ግን ደሴቱ ወደብ የለውም፤ የመርከብ ጭነት የሚወርደው በትንንሽ ጀልባ ነው። የጦር አይሮፕላን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ጉም ከወረደ ደግሞ ሳያርፍ ይመለሳል። በዚያን ቀን የታመመ ሰው ቢኖር በአስታማሚው እጅ ይቈያል። ደብዳቤ የሚጠብቅም እንዲሁ ይጠብቃል።

ጉም ሆነ ብርድ ግን የአየሩን ምርመራ አያስቀርም። በቀን ሁለት ጊዜ ቀላል ጋዝ የተሞላ ፊኛ ከደሴቱ ይለቀቃል። ከሥሩ የተንጠለጠለች ትንሽ መሣሪያ የአየሩን ሙቀት፥ እርጥበትና ክብደት እየለካች በራዲዮ ትናገራለች። ፊኛው ወደ ላይ በወጣ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ እየተነፋ ይሄዳል፤ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ይፈነዳል። መሣሪያዋም ትወድቃለች፤ የላከችው ቍጥር ግን ቀድሟት በኖርዌይ ደርሷል፤ ሌላ ፊኛም በዚያው ዕለት ይዘጋጃል።