የፍሬን መብራት ማብሪያ እንዴት ይሠራል?

አሽከርካሪ ፍሬን ሲይዝ የሚበሩት ቀይ መብራቶች ከኋላ ለሚከተለው ተሽከርካሪ የሚተላለፉ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የምልክቱ መጥፋት ለግጭት ሊዳርግ ይችላል። ሆኖም አሽከርካሪው ከመቀመጫው ሆኖ የመብራቶቹን መብራትና መጥፋት ማየት አይችልም።

መብራቶቹን የሚያዘው ማብሪያ በአብዛኛዎቹ ተሽከርካሪዎች ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ አጠገብ ይታሰራል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ክንዱ የማብሪያውን ትንሽ ዘንግ ወደ ውስጥ ገፍቶ ስለሚይዝ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቋረጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ክንዱ ከዘንጉ ስለሚርቅ በውስጡ ያለው ሞላ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚህን ጊዜ መገናኛዎቹ ይነካካሉ፤ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የመጣው ኤሌክትሪክም ወደ አምፖሎቹ ያልፋል።

እንደ ቮልስዋገን ቢትል ባሉ ቀደምት ተሽከርካሪዎች ማብሪያው በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ከማብሪያው የሚነሳው ምልክት ከመብራቱ በተጨማሪ ለተሽከርካሪው ኮምፒውተር ይደርሳል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ብዙ ተሽከርካሪዎች ይህ ምልክት ካልደረሳቸው ማርሻቸው ከ«ፒ» አይንቀሳቀስም።

ማብሪያው በሁለት መንገድ ይበላሻል። መገናኛዎቹ ሲቃጠሉ ወይም ማብሪያው ከቦታው ሲንሸራተት መብራቱ ጨርሶ ላይበራ ይችላል። በፔዳሉ ክንድ ላይ ያለው የዘንጉ ማረፊያ ጎማ ተሰባብሮ ሲወድቅ ደግሞ መብራቱ ሳያቋርጥ ይበራል፤ ባትሪውን ከመጨረሱም በላይ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ ፍሬን መቼ እንደተያዘ መለየት ያቅተዋል።

አንድ መብራት ብቻ ከጠፋ በቅድሚያ የሚጠረጠረው አምፖሉ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን ፊውዙንና ማብሪያውን መመርመር ይገባል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ብልሽቱ በምርመራው ማግስትም ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ለመስክ ሥራ ከመሰማራቱ በፊት አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላ ሠራተኛ ከኋላ ቆሞ መብራቶቹን ቢያይ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜና ያለምንም ወጪ የተሳፋሪዎችን ደኅንነት መጠበቅ ይቻላል።