አራት ስም፣ አንድ ርስት

በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በተባለው አውራጃ፣ ከአውራ ጎዳናው ጎን ለጎን ለኪሎ ሜትሮች የሚሄድ የጡብ አጥር አለ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቷል ይባላል። ከአጥሩ ጀርባ ያለው የቻርቦሮ ርስት ነው፤ ባለቤቱም ከ2010 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) የፓርላማ አባል የነበሩት ሪቻርድ ድራክስ ናቸው። ሙሉ የቤተሰብ ስማቸው ፕለንኬት-ኧርንሊ-ኧርል-ድራክስ ነው።

ስሙ የረዘመው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ቤት ወንድ ወራሽ በጠፋ ቁጥር ርስቱ በሴት ልጅ በኩል ያልፋል፤ ያገባትም ሰው የቤተሰቧን ስም በራሱ ስም ላይ ይጨምራል። እኛ ዘንድ ባል የሚስቱን አባት ስም ልያዝ ቢል መንደሩ አንድ ክረምት ሙሉ ያወራበት ነበር። እዚያ ግን መሬቱን የፈለገ ስሙን ይለብሳል።

በ1827 ጄን ኧርል-ድራክስን ያገባው ጆን ሶብሪጅም እንዲሁ አደረገ። አጥሩን ያሠራው እሱ ነው፤ መንገዱ ከቤቱ እንዲርቅ ካስደረገ በኋላ። የዌርሃም እንደራሴ ሳለ «ዝምተኛው» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። በምክር ቤት አፉን የከፈተው አንዴ ብቻ፣ ያውም ስለ መስኮት ነው ይላሉ። በ1836 ግን ዝም ብሎ የማይታለፍ ገንዘብ መጣለት፤ በካሪቢያኗ ደሴት ባርባዶስ ባለው እርሻ በባርነት ለተያዙ 189 ሰዎች ነፃነት የተከፈለ ካሳ፣ 4,293 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። ነፃ የወጡት ሰዎች ሰባራ ሳንቲም አላገኙም። የብሪታንያ መንግሥት ባርነትን ሲሽር በጠቅላላ ለባለንብረቶች የመደበው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ያስከተለው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፤ ከግብር ከፋዮቹ መካከል የእነዚያው ባሮች የልጅ ልጆችም ነበሩ።

እርሻው ድራክስ ሆል ይባላል። የቤተሰቡ ቅድመ አያት ጄምስ ድራክስ ባርባዶስ የደረሰው በ1627 ሲሆን፣ በ1640ዎቹ በስኳር ከበለጸጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ሂላሪ ቤክልስ በቤተሰቡ እርሻዎች 30,000 ያህል ሰዎች በባርነት እንደሞቱ ይገምታሉ። ሪቻርድ ድራክስ እርሻውን የወረሱት አባታቸው በ2017 ሲሞቱ ነው። የቀደመው ታሪክ እጅግ የሚያሳዝን ቢሆንም ዛሬ ማንም ሊጠየቅበት አይችልም ባይ ናቸው።

የእኛ ሰው «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል። ለልጅ ልጅ ልጅስ? ሰውየው በዘመዶቻቸው ኃጢአት ይወቀሱ ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ወንድ ወራሽ ሲጠፋ ውርሱን አራት መቶ ዓመት እንዳይበጠስ ሲቀጥል የኖረ ሕግና ወረቀት፣ ዕዳው ላይ ሲደርስ ብቻ ዘመኑ ራቀ ማለቱ አይዋጥልኝም።

ባርባዶስ ካሳ ስትጠይቅ ቆይታ፣ በ2024 መንግሥቷ ለቤት መሥሪያ ከድራክስ ሆል 53 ኤከር ያህል መሬት ሊገዛ መሆኑ ተሰማ፤ ዋጋውም ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ተዘገበ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ አያቶቻችን በላባቸው ያለሙትን መሬት እኛ ደግሞ በገንዘባችን እንግዛ ወይ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ በሚያዝያ ወር ግዢውን አገዱት።