የጎዛምን አረንጓዴ ደብተር

ሽፋኑ አረንጓዴ ነው። ሲገልጡት የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ይታያል። ቀጥሎ ማሳዎቹ በየተራ ተጽፈዋል፤ ስፋታቸው፣ ለምነታቸው፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኗቸው ሰዎች ስም። ደብረ ማርቆስን በከበበው ጎዛምን ወረዳ ገበሬው ይህን የመሬት ይዞታ ደብተር ከማንኛውም ወረቀት አብልጦ ይጠብቀዋል። ስለ መንገድና ስለ ፋብሪካ ማውራት የሚፈልግ ሰውም ከዚሁ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ሁለቱም የሚያርፉት ሰው በሚያርሰው መሬት ላይ ነውና።

ጎጃም ውስጥ "መሬት ሊለካ ነው" መባል እንደ ቀላል ወሬ ታይቶ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬውን ያስቆጣው ከብሩ ይልቅ ከኋላው ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ይመጣል፣ ርስቴም ይሄዳል የሚለው ስጋት ነበር። ሞጣና ዳሞት ሸፈቱ፤ ጦር ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መሬት ሲያሸጋሽግ፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሹመት ላይ የነበረው ገበሬ "ቢሮክራት" ተብሎ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። የዚያ ቂም በየመንደሩ ቀርቷል።

ሽግሽጉ 10 ዓመት ሳይሞላው የይዞታ ምዝገባ በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር፣ ከመሞከሪያዎቹ ቀበሌዎች አንዱ እዚሁ ጎዛምን ውስጥ መሆኑ ያስደንቀኛል። ገበሬው ገመዱን እንዴት አመነው? እኔ የማየው ምክንያት አንድ ነው፤ የሚለካው ባዕድ አልነበረም። መንደሩ የመረጠው የመሬት ኮሚቴ ከባለይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር ድንበር ለድንበር ይሄዳል፤ ክርክር ካለ ሽማግሌ እዚያው ይዳኛል። ከዚያ መዝገቡ ለሕዝብ ይቀርባል፤ ቅሬታ ያለው ተነሥቶ ይናገራል። ደብተሩ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚስት ስም ከባሏ እኩል መስፈሩም ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ መሬቱን ማከራየት እንደ ድሮው ቀላል አይሆንም።

የልማቱ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ወይም ባለሀብት ቦታ ሲጠይቅ ካሳው የሚሰላው ከዚህ ደብተር ተነሥቶ ነው። በ1997ቱ ሕግ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው የአማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርጎታል። ማሳው በደብተሩ ላይ በትክክል ያልሰፈረ ሰው ግን ስሌቱ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። እንዲህ ያለ ቅሬታ የተከማቸበት ቦታ ላይ የተተከለ ፋብሪካ ጎረቤቶቹን አስቀይሞ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ስለዚህ አባትዎ ሞተው መሬቱን ወርሰው፣ ከወንድምዎ ጋር ተካፍለው ወይም ትዳር መሥርተው ደብተሩ በድሮው ስም ከተቀመጠ፣ ቀያሽ ከማሳዎ ሳይደርስ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስተካክሉ።