የስልክ ቁጥር መነሻ አሃዝና የኤክሴል ሰንጠረዥ



ለብዙ ደንበኞች የማስታወቂያ መልእክት ከመላካችን በፊት በሰንጠረዡ የሰፈሩትን የመደበኛና የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥሮች መለየት ይገባናል። ወደ መደበኛ ስልክ የተላከ የጽሑፍ መልእክት አንባቢ አያገኝም፤ ሒሳቡ ግን በላኪው ላይ ሊታሰብ ይችላል።

በአገራችን መነሻው ዓይነቱን ይናገራል። 011 የአዲስ አበባ፣ 046 የሐዋሳ፣ 058 የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ ሲሆን 09 እና 07 የተንቀሳቃሽ ስልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ መጠን ስለሚቆጥር የፊተኛውን ዜሮ ያስቀረዋል (ስልክ ቁጥር የሚደምር ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም)። ስለዚህ የአገሪቱን መለያ 251ንና ዜሮውን አስወግደን የሚቀሩትን ዘጠኝ አሃዞች እንመረምራለን።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የድሬዳዋ መደበኛ ስልክ መነሻ 025 ነው፤ ቀጣዩ አሃዝ 1 ሆኖ ዜሮው ሲወድቅ ቁጥሩ በ251 የሚጀምር ይመስላል። 251ን በጭፍን የሚቆርጥ ቀመር ይህን ቁጥር ያበላሸዋል። መቆረጥ ያለበት ጠቅላላው 12 አሃዝ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የቆየ ቀመር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከመጀመሩ በፊት የተዘጋጀ ማጣሪያ 09ን ብቻ ስለሚያውቅ በ07 የሚጀምሩትን ደንበኞች ሁሉ ያለ አንዳች ምልክት ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል።