መለኪያው በማን እጅ ነው?

«ጥቁር ሳንባ» የሚባለው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በሽታ በአሜሪካ ዜና ላይ ብቅ ባለ ቁጥር፣ ይህ ነገር በሕግ ተገትቶ አልነበረም እንዴ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሕጉስ በ1969 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ወጥቷል፤ በ1990ዎቹም በሽታው በጣም ቀንሶ ነበር። በ2018 የታተመ ጥናት ግን ዌስት ቨርጂኒያን በሚጨምረው የከሰል አካባቢ፣ በመካከለኛው አፓላቺያ፣ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠሩት ቆፋሪዎች ከአምስቱ አንዱ እንደተያዘ አሳየ። የተለመደው መልስ፣ ወፍራሙ ከሰል በማለቁ ማሽኖቹ ዐለት ጭምር እየፈጩ ነው፣ የዐለቱ የሲሊካ አቧራም ከከሰሉ የባሰ ሳንባ ይጎዳል የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። የሲሊካ ጉዳት አዲስ ግኝት አይደለም፤ እዚያው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሃውክስ ኔስት ዋሻ ሲቆፈር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ፈጅቷል። የታወቀ አደጋ ለምን ሳይታይ አደገ? ብዙም የማይነሳው ምክንያት የመለኪያው ነገር ይመስለኛል።

ይህን ቀድሞ የተረዳው በ1962 በዌስት ቨርጂኒያዋ ቤክሌይ ከተማ ሥራ የጀመረው ሐኪም ዶናልድ ራስሙሰን ነበር። ቆፋሪዎቹ ትንፋሽ አጠረን ሲሉ ኤክስሬዩ ብዙም ነገር አያሳይም፤ ኤክስሬዩ ካላሳየ ደግሞ ካሳ የለም። እሱ ሰውየውን በመሮጫ ማሽን ላይ እያስኬደ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለካ። ተቀምጦ ደህና የሚመስለው ሰው ሲደክም ኦክስጅኑ ሲወርድ አገኘ። በ1968 በፋርሚንግተን የከሰል ማዕድን ፍንዳታ 78 ሰዎች ካለቁ በኋላ ከሐኪሞቹ ባፍና ዌልስ ጋር ሆኖ ይህን በየስብሰባው ተናገረ፤ በየካቲት 1969 ወደ 40,000 ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ፣ የግዛቱም የፌዴራሉም ሕግ በዚያው ዓመት ወጣ። በ1972 ደግሞ በኤክስሬይ ብቻ ካሳ መከልከል ቀረ። የትንፋሽ ማጠር ከሲጋራም ሊመጣ ይችላል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ ግን በዚያ ጥርጣሬ ካሳ መስጠት ገንዘብ ያስከፍላል፣ ኤክስሬይን ብቻ ማመን ደግሞ የታመመውን ሰው ጤነኛ ነህ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም።

ሕጉ ግን አቧራውን የመለካቱን ሥራ በአብዛኛው ለኩባንያዎቹ ተወው፤ ትልቁ ድክመቱ ይኸው ነው። በ1991 ግዙፉ የከሰል ኩባንያ ፒቦዲ የአቧራ ናሙና መነካካቱን አምኖ 500,000 ዶላር ተቀጣ። ሁሉም ያጭበረብራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ሥራ የሚያቆም፣ ዝቅ ሲል የሚያተርፍ ወገን ሚዛኑን ሲይዝ፣ ሐቀኛው እንኳ በደህናው ቀን መለካትን ይመርጣል። ሲሊካን በኪዩቢክ ሜትር አየር በ50 ማይክሮግራም የሚገድበው ደንብ የጸደቀው በ2024 ነው። በ2025 በከሰል ማዕድን ማውጫዎች ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ታገደ። ናሙና እንዲወስድ ደንቡ ያዘዘውም ያንኑ የማዕድኑን ባለቤት ነው።