የመጀመሪያዋ ሰከንድ

«እስኪሞላ ድረስ ወደ ውስጥ ይሳቡ… አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ! አያቋርጡ እማማ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» ትንፋሽ የሚለካበት ክፍል ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ባለሙያው መጮኹ ወዶ አይደለም። በእማማ እጅ ያለችው ትንሽ ዕቃ የምታውቀው የተነፋላትን ብቻ ነው፤ ሰው ከፈራ ወይም ቶሎ ካቆመ ጤነኛው ሳንባ የታመመ ሊመስል ይችላል።

ዕቃዋ ስፓይሮሜትር ትባላለች። በአንድ እጅ ትያዛለች፣ በባትሪ ትሠራለች፤ ጫፏ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር የካርቶን ቱቦ ይሰካባታል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ትንፋሹ የሚያሽከረክረው ቀላል ተርባይን አለ፤ ዙሩን የሚቆጥረው የብርሃን ጨረር ነው። ሌሎቹ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ በትንፋሹ መካከል ወዲያና ወዲህ ይልካሉ፤ ከነፋሱ ጋር የሄደው ቀድሞ፣ ነፋሱን የተጋፈጠው ዘግይቶ ይደርሳል። የትንፋሹ ፍጥነት የሚታወቀው በዚህች የጊዜ ልዩነት ነው።

ከሚወጡት ቁጥሮች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሰውየው ሳንባውን ጥርግ አድርጎ ሲነፋ ያወጣው አየር በሙሉ ነው፤ ሌላው ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው። 3 ሊትር ያወጣ ሰው በመጀመሪያዋ ሰከንድ 2.4 ሊትር ከነፋ 80 በመቶ ነው፣ ደህና ነው። 1.5 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን አየሩ አለ፣ መውጫው ጠቧል። ያኔ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ይስብና ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ይነፋል። ቁጥሩ በጉልህ ከፍ ካለ አስም ይጠረጠራል። ከመድኃኒቱም በኋላ ከ70 በመቶ በታች ከቀረ፣ ሐኪሙ በጭስና በሲጋራ ወደሚመጣው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያዘነብላል።

የነገሩ ጥንስስ ውሃ ውስጥ የተደፋ ደወል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዚህ ደወል ውስጥ እያስነፋ ለክቶ ውጤቱን በ1846 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚያድግም አሳየ። ዛሬም የአንድ ሰው ትንፋሽ የሚመዘነው በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ከሚመስሉት ጤነኞች ጋር ነው።

ችግሩ «ከሚመስሉት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአሜሪካ የባርነት ዘመን ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም የጥቁሮች ሳንባ በተፈጥሮው ደካማ ነው ብሎ ለመከራከር ይህንኑ መለኪያ ተጠቀመ። ሐሳቡ ከባርነት ጋር አብሮ አልተቀበረም። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ፣ «ጥቁር» ተብሎ ሲመዘገብ ከጤነኛ የሚጠበቀውን መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ የሚያደርጉ መሣሪያዎች በአሜሪካ የተለመዱ ነበሩ። ዋሽንግተን ውስጥ የነፋ ኢትዮጵያዊ ሳንባው ተጎድቶ ሳለ «ደህና ነህ» ተብሎ ሊሸኝ ይችል ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘር የማይለይ ስሌት እንዲሠራበት የመከረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። እጅግ ዘግይቷል።

በኢትዮጵያ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ስንት እናቶች በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። ሳሉን «ብርድ ነው»፣ ዳገት ላይ የሚያጥረውን ትንፋሽ «እርጅና ነው» እያሉ ያልፉታል። ቧንቧው መጥበብ ሲጀምር ደረት ላይ የተደረገ ማዳመጫ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ግን ታሳብቃለች። በአገር ውስጥ የሳንባ ስፔሻሊስት ማሠልጠን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነውና፣ በኪስ ተይዛ ጤና ጣቢያ ድረስ ልትሄድ የምትችል መሣሪያ ዋጋዋ ትልቅ ነው። ባለሙያዋ አብሯት ከሄደ።

እማማ ሁለቴ ነፍተዋል፤ ደንቡ ቢያንስ ሦስት ነው። ከተነፉት ሁለቱ ትልልቆቹ ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ከተራራቁ አራተኛም አምስተኛም ይመጣል። ጥቂት አረፍ ብለው ቱቦውን በከንፈራቸው ግጥም አደረጉት። «ይሳቡ…»