ኪቦርዱ አማርኛ የሚጠፋበት ምክንያት፦ ስለ መግቢያ ስክሪፕት

በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በሚገኝበት በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ፣ ማመልከቻና ውል ተይቦ ማተም የቆየ የአራዳ መተዳደሪያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ይኸው ሥራ በሊኑክስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ የተጀመረውን የዩኒክስን አሠራር በተከተለው ነፃ ሥርዓት፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊሠራ ችሏል። ይሁን እንጂ ትናንት አማርኛ ይጽፍ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ሲከፈት ላቲን ብቻ የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያ ነኝ ባይም ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱን እንዳለ ደምስሶ እንደገና ይጭናል፤ ይህ ጥፋቱን ሳያውቁ ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

በሊኑክስ ላይ አማርኛ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አይባስ በተባለ የጽሑፍ ማስገቢያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከእርሱ ጋር እንዲገናኙ ጥቂት ተለዋዋጮች፣ ማለትም ስምና ዋጋ ያላቸው መመሪያዎች፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ባስገባበት ቅጽበት መታወጅ ሊኖርባቸው ይችላል። ይህን የሚያውጀው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ የመግቢያ ስክሪፕት ይባላል። ስክሪፕቱ የሚነበበው ገና መስኮት ሳይከፈት ስለሆነ ሲሳሳት ለተጠቃሚው ምንም ላይነግር ይችላል።

ዋናው ግራ መጋባት የሚመጣው ከፋይሎቹ ብዛት ነው። ዶት ባሽአርሲ የተባለው ፋይል የሚነበበው ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ሲከፈት ሲሆን፣ ዶት ፕሮፋይል ግን በመግቢያ ጊዜ ይነበባል። ስለዚህ ሊብረኦፊስ ከተርሚናል ሲጀመር አማርኛ የሚጽፍ፣ ከሜኑ ሲጀመር ግን የማይጽፍ ከሆነ፣ መመሪያው የተጻፈው ተርሚናል ብቻ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ዶት ኤክስፕሮፋይልም በአሮጌው የኤክስ መስኮት ሥርዓት ሲሠራ ቆይቶ፣ ኮምፒውተሩ ወደ አዲሱ ዋይላንድ ሲዛወር ሳይነበብ የሚቀርበት ሁኔታ አለ፤ አንድም ፊደል ሳይነካ ከማሻሻያ በኋላ የሚከሰት ብልሽት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው ምክንያት ስክሪፕቱን የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሥርዓቱ ስክሪፕቶች የሚጠቀመው ዳሽ የተባለውን ፈጣን ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተርጓሚ፣ ሲሆን፣ ሰው ተርሚናል ላይ የሚሞክረው ግን በባሽ ነው፤ ባሽ የሚቀበለው እንደ ድርብ ማዕዘን ቅንፍ ያለ አጻጻፍ በዳሽ ዘንድ ስሕተት ይሆናል። በዊንዶውስ ኖትፓድ ተጽፎ በፍላሽ የመጣ ስክሪፕትም በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የፕሮግራሙ ስም በዓይን ትክክል መስሎ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቃል ይሆንበታል፤ ዶስ ቱ ዩኒክስ የተባለው መሣሪያ ይህን ምልክት ያነሳል።

ስክሪፕቱ ውስጥ የ«ኤግዚት» ትእዛዝ ካለማ ዴስክቶፑ ሳይከፈት ተጠቃሚው ወደ ይለፍ ቃል ገጽ ይመለሳል። ያን ጊዜ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 በአንድነት ተጭነው በሚከፈተው የጽሑፍ ገጽ ገብቶ የፋይሉን ስም መቀየር ይቻላል። የስሕተት መዝገቡ በኤክስ ሥርዓት፣ ዶት ኤክስሴሽን-ኤረርስ በተባለ ፋይል፣ በዋይላንድ ደግሞ ጆርናል በተባለው የሥርዓቱ መዝገብ ይገኛል። መዝገቡ ካልረዳ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ተከፍቶ ይሞከራል፤ በአዲሱ አማርኛ ከሠራ ጥፋቱ በአሮጌው ተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ካልሠራ ግን ለሁሉም ተጠቃሚ የሚነበቡትን የሥርዓቱን ፋይሎች መመርመር ያስፈልጋል።